ከኩርባው ሥር ያሉት ዘጠኝ መስቀሎች

ገሰሰ ሥራ በጀመረ ቀን በሽቦ ብሩሽ ግማሽ ቀን የፈተገው ዝገት፣ ዝገት ሳይሆን ቀለም ሆኖ ተገኘ። በጀርመን አገር፣ ኦስትኤንድ በሚባል ሜዳ ላይ የተተከለው ሮለር ኮስተር የሚሉት ተወንጫፊ ባቡር፣ የካውቦይ ከተማ እንዲመስል በብልሃት የተቀባ ነበር። ሼፉ፣ ማለትም አለቃው፣ በረጅሙ ተነፈሰ እንጂ አላባረረውም። ከዚያ ወዲህ ገሰሰ ሳይጠይቅ ምንም አይነካም። እንጨት የሚመስለው ምሰሶ ብረት ነው፤ ሲጥ ሲጥ የሚለው ደግሞ በርሜል ውስጥ የተደበቀ ድምፅ ማጉያ። በጆሮው የሚተማመን ሰው ነውና ከሁሉ ያደናገረው ይኼኛው ነው።

አብሮት የሚያጸዳው በሪሁን፣ «ጋሼ ገሰሰ፣ እዚህ እውነተኛው አቧራ እኛ በጫማችን ያመጣነው ብቻ ነው» እያለ ይቀልድበታል። ገሰሰ ግን ለቀልድ ልብ አልነበረውም። የሙከራ ጊዜው ሐሙስ ያልቃል። ሚስቱን ተዋበችን ከአገር ቤት ማምጣት የሚችለው ቋሚው ፌርትራግ፣ የሥራ ውሉ፣ ከተፈረመለት ብቻ ነው፤ አራት ዓመት ጠብቀዋል።

ሳይጠይቅ የነካው ነገር ቢኖር መስቀሎቹን ነው። ከመጨረሻው ኩርባ ሥር የውሸት መቃብር አለ፤ ዘጠኝ የእንጨት መስቀሎች፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን የዘመሙ። ቀኑ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነበር። በሕማማት መስቀል አይሳለሙም፤ ካልተሳለምኩ እንኳ ላቃና ብሎ አንድ በአንድ አቀናቸው፤ ሥራቸውንም በድንጋይ ጠቀጠቀ።

ከሰዓት በኋላ ባቡሩን የነደፈችው ሴት መጥታ ተሳፈረች፤ ግራ ተጋብታም ወረደች። ኩርባው ሞቷል፣ አያስፈራም አለች። ፍሬኑ ተፈተሸ፣ ጎማው ተፈተሸ። ሼፉ ሐዲዱን የገጠሙትን ሰዎች ይቆጣ ጀመር። ገሰሰም እንደ ሌላው ግራ ገብቶት ቆሞ ይሰማል። ሴትዮዋ ድንገት ወደ መቃብሩ አመለከተች። መስቀሎቹ የዘመሙት ሆን ተብሎ ነበር፤ ተሳፋሪው ቀጥ ያሉ ይመስሉትና ባቡሩ የሚገለበጥ ይመስለዋል። ማን ነካቸው? አለች።

በሪሁን፣ ገሰሰ ዝም እንዲል እግሩን ረገጠው።

«እኔ ነኝ» አለ ገሰሰ።

ሼፉ እንደ ነበሩ አዝምማቸው አለው። ገሰሰ መዶሻውን አነሳ፤ ክንዱ ግን እምቢ አለው። መቃብሩ ባዶ መሆኑን እንደሚያውቅ በተሰባበረ ጀርመንኛው ተናገረ። «መስቀሉን ግን የውሸት ነው ማለት አልሆነልኝም።»

ሼፉ ሴትዮዋን አየ፤ ሴትዮዋ መስቀሎቹን። አግዳሚዎቹ ይነሱ፣ ቋሚው ብቻ ይበቃል፣ ለዓይን ያው ነው አለች። ገሰሰ ዘጠኙን አግዳሚ በገዛ እጁ ነቀለ፤ ቋሚዎቹን አዘመመ። ለሙከራ የተሳፈረው በሪሁን ኩርባው ላይ እናቱን እየጠራ ጮኸ።

ሐሙስ ፌርትራጉ ተፈረመ። በኤስባን፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ሰፈሩ ኒድ ሲመለስ ተዋበች ደወለች።

«ፈረሙልህ?»

«ፈረሙ።»

እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ፊት ለፊቱ የተቀመጡትን አስቀና። ጭኑ ላይ ከመስቀሎቹ የተነቀሉት ዘጠኝ ጠርቦች በፌስታል ተጠቅልለዋል። መጣል አይሆንም፤ ማንደድም አይሆንም። መስቀል አዳነ ወይስ ዘጠኝ መስቀል አፈረሰ?

ትሰማኛለህ ወይ አለችው።

«እየሰማሁሽ ነው» አላት፤ ፌስታሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።