የወረቀት ድንጋይ

ርእሰ መምህሩ አቶ ወልደ ሰንበት ቢሯቸው አስጠርተውኝ በሩን ዘጉና፣ ተቀመጥ እንኳ ሳይሉኝ፣ «አንዳርጌ ደመኛ እንዳለበት ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«እያወቅህ ነው ለቲያትርህ የመረጥኸው?»

አዎ፣ እያወቅሁ ነው። ባላውቅ ኖሮ ዛሬ ይህን ስናገር አንገቴን ባልደፋሁ። አገር የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ይፈረድለታል፤ እኔ ግን የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ደም ምን ማለት እንደሆነ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዳርጌ ታላቅ ወንድም አስማረ፣ ስማዳ ውስጥ ከወገዳ ወዲያ፣ በድንበር ጠብ አንድ ሰው ገድሎ ወደ ቆላ ሸፈተ። የሟች ታላቅ ወንድም ፈንታ ደሙን ሳይመልስ ፀጉሩን ላይላጭ ምሎ ምንሽር ጠመንጃውን አነገተ። ገዳዩ ካልተገኘ ደሙ የሚመለሰው ከቅርብ ዘመዱ ነው፤ ከዚያ ቤት የቀረ ወንድ ደግሞ አንዳርጌ ብቻ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ውብነሽ ስንቅ ቋጥራ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ አክስቱ ዘንድ ሰደደችው። እኔ ሳገኘው ሃያ ዓመት ሞልቶት ሰባተኛ ክፍል ይማር ነበር፤ ያን ጊዜ ጢም ያለው ተማሪ ብርቅ አልነበረም።

እኔ ቀለመወርቅ ደግሞ በ1959 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለውን ግዴታዬን ልወጣ የመጣሁ የቲያትር ተማሪ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ትወና፣ የመድረክ አሠራር፣ የፊት ቅብና አልባሳት ተምሬ፣ ለአንድ ዓመት አማርኛ እንዳስተምር ወደ መካነ ኢየሱስ ተላክሁ። ስመለስ አንድ ቲያትር ማዘጋጀቴን በሪፖርት ማቅረብ ነበረብኝ፤ ለዲግሪዬ የሚቆጠር ነው። የትወና መምህራችን ሁልጊዜ «ቁስሉን የሚያውቅ ተዋናይ ፈልጉ» ይለን ነበር። እኔም ፈልጌ አገኘሁ። የሰው ቁስል አግኝቼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ።

ድርሰቱ የራሴ ነው። አንድ ሰው ይገደላል፤ መጨረሻ ላይ ገዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ የሟች ወንድም እግር ላይ ይወድቃል። ይህን ሥርዓት የማያውቅ የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ሰው የለም። ተበዳዩ ድንጋዩን በገዛ እጁ ካነሣለት ዕርቅ ወረደ፤ ደም ደረቀ ማለት ነው። ፊቱን ካዞረ ግን ሽማግሌውም ወደ ቤቱ፣ ጠመንጃውም ወደ ሥራው ይመለሳል።

«ይኸ ላንተ ጨዋታ ነው» አሉኝ አቶ ወልደ ሰንበት። «ስማዳ ሲሰማ ግን ጨዋታ አይሆንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ሌላ ልጅ አጥተህ ነው?»

«መድረክ መድረክ ነው እኮ፣ አቶ ወልደ ሰንበት» አልኳቸው፤ ነገሩን እኔ የፈለሰፍኩት ይመስል። ጥለውኝ ወጡ።

በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ገዳዩን የሚጫወተው አንዳርጌ ከወንዝ ዳር ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። አስጣልኩት። በመድረክ ላይ እውነተኛ ድንጋይ የሚሸከም ተዋናይ ሙያውን የማያውቅ ነው፤ ጥበቡ ቀላሉን ከባድ ማስመሰል ነው ብዬ ሰበክሁ።

«ጋሼ፣ በወረቀት ምሕረት ይለመናል እንዴ?» አለኝ። «ነውር እኮ ነው።»

«ልመና ማን አለህ? ትወና ነው!» ብዬ ጮኽኩበት። ቁጣዬ ቅርብ ነው።

ድንጋዩን ራሴ ሠራሁት። ጭድ በቀጭን ሽቦ አስሬ፣ በላዩ የቆየ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ደራርቤ ለጠፍኩ፤ ሲደርቅ በአመድና በከሰል ቀባሁት። የድንጋይ ሽበት እንኳ ሳይቀር ጣል ጣል አድርጌበታለሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባ ወልደማርያም መንገድ ላይ የተተወ መስሏቸው ሊያነሡት ጎንበስ አሉና፣ ለከባድ ያዘጋጁት ክንዳቸው ወደ ላይ ተወርውሮ በቂጣቸው ቁጭ አሉ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔማ ኮራሁ።

ከዚያ አንዳርጌን ክብደት አስተማርኩት። ክብደት ከተረከዝ ይጀምራል፤ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ፤ አንገት መጨረሻ ነው። ትንፋሽህን ያዝ። አትቸኩል። በሁለት ወር ውስጥ ያችን ጭድና ወረቀት ተሸክሞ ሲራመድ እኔን ራሴን ወገቤን ያመኝ ጀመር።

ቲያትሩ እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ እህል ከቀመሰ በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነበር። ዴስኮች ገጥመን ሳንቃ ደልድለን መድረክ ሠራን፤ መጋረጃው ብርድ ልብስ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ በገበያ አስነግሬ ስለነበር አገሩ ሁሉ ወጣ። ከፊት የወረዳው ገዢና የደብሩ አለቃ በወንበር፣ ሽማግሌው በድንጋይ፣ ሌላው በሣር ላይ ተቀመጠ።

ልንጀምር ስንል፣ የሟችን ወንድም የሚጫወተው ካሣሁን በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቆ አየና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ ፈንታ መጥቷል።»

አየሁት። ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ ሦስት ዓመት መላጫ ያልነካው ፀጉሩ እንደ ጎፈር ቆሞ፣ ምንሽሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አጠገቡ አንድ የአገሩ ሰው አለ። ለካ ያ በገበያ ያስነገርኩት ወሬ ወገዳ ደርሶ «የአስማረ ወንድም በወንድምህ ደም ሊጫወትበት ነው» ተብሎ ተነግሮታል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እኔ ግን ለመፍራት እንኳ ንቄ ነበር።

አቶ ወልደ ሰንበት ከኋላ መጡ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። «ተወው፤ ልጁን በጓሮ አስወጣው» አሉኝ። ሁለት ፖሊሶች ነበሩ፤ ግን ጠመንጃ ይዞ ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው ምን ብለው ይይዙታል? ያን ጊዜ ጠመንጃ ያልያዘ ባላገርስ ማን ነበር?

ወደ አንዳርጌ ዞርኩ። «ሂድ» አልኩት።

«ከሮጥሁማ ደመኛ ነኝ ማለቴ ነው፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይገድለኛል» አለ። «ከቆምሁ ምናልባት ቲያትር ነው ብሎ ይተወኝ ይሆናል።»

መጋረጃውን ገለጥን።

ያን ቀን እንዴት እንደተጫወቱ አላውቅም። እኔ ከመድረኩ ጥግ ሆኜ የማየው ፈንታን ብቻ ነበር። የመግደሉ ትዕይንት ላይ ሴቶች ደረታቸውን መቱ፤ አንዲት እናት «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች። ፈንታ ዓይኑን አላርገበገበም። መድረክ ላይ የሟችን ሬሳ በጋቢ ሲሸፍኑት ብቻ እጁ ከምንሽሩ አፈሙዝ ወደ ሰደፉ ሸርተት አለ።

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። አንዳርጌ ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ ከጎን ገባ። ካሣሁን መሀል ቆሞ ይጠብቀዋል። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ።

ፈንታ ተነሣ። ምንሽሩ ጥይት ሲጎርስ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ሁሉም ሰማ። ፖሊሶቹ ደርቀው ቀሩ።

አንዳርጌ ቆመ። ካሣሁንን አየ፤ ፈንታን አየ። ከዚያ ወደ ካሣሁን መሄዱን ትቶ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረና፣ ድንጋዩን እንደተሸከመ ከዴስኮቹ ላይ ወረደ። ሰው ግራና ቀኝ ከፈለለት። ጎንበስ እንዳለ፣ ያስተማርኩትን እርምጃ አንዷን ሳያጎድል፣ ሄዶ ፈንታ እግር ላይ ተንበረከከ።

«ጋሼ ፈንታ፣ ስለ እመብርሃን ማሩኝ። ወንድሜ በድሏል። ይኸው እግርዎ ላይ ነኝ።»

ይህ እኔ የጻፍኩት ቃል አይደለም። መጀመሪያ ልቤ በሐዘን ተሞላ። ቀጥሎ ማጅራቱ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ፈንታ ፊቱን ቢያዞር ሞት ነው። ሊምር ብሎ ድንጋዩን ቢያነሣስ? እጁ እንደ አባ ወልደማርያም እጅ ሽቅብ ይወረወራል። በወንድሙ ደም፣ በአገር ፊት፣ በጭድና በወረቀት ተሳለቁበት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቢተኩስ የሚፈርድበት ሽማግሌ የለም። ሮጬ «ወረቀት ነው!» ልበል? እሱም ያው ሞት ነው። ምስጢሩን የምናውቀው እኔ፣ ርእሰ መምህሩ፣ ዘበኛውና ስምንት ተማሪዎች ነበርን፤ አንዳችንም አልተነፈስንም።

የደብሩ አለቃ መስቀላቸውን አውጥተው ቆሙ። «ፈንታ፣ ስለ መስቀሉ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ተነሡ።

ፈንታ ቁልቁል ልጁን አየ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንተን ስፈልግ እርሻዬን ዳዋ ዋጠው» አለ። «ወንድሜ ያንተ እኩያ ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። ምንሽሩን ለጓደኛው ሰጠና ጎንበስ አለ።

ከእኔ አምስት እርምጃ አይርቅም ነበር። እጁን ድንጋዩ ላይ ሲያሳርፍ አውራ ጣቱ ወረቀቱን ሰርጉድ አደረገው። አየሁ። ጣቱ ባለበት ቆመ። ከድንጋዩ ላይ ዓይኑን አንሥቶ የአንዳርጌን ማጅራት አየ፤ ከዚያ ሕዝቡን ሲያማትር ኮት የለበስኩት እኔ ላይ ደረሰ። የማን ሥራ እንደሆነ ገባው። ፊቱ ላይ የወጣውን ቁጣ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የጓደኛውን ትከሻ አየ፤ ምንሽሩ እዚያ ነው፣ እጁን ቢዘረጋ ይደርሳል። አንዳርጌ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያል መሰለኝ።

ፈንታ መዘግየቱን ያየው ጓደኛው «ቆይ ላግዝህ» ብሎ እጁን ሰደደ።

«ተው! አትንካ!» አለ ፈንታ። «ደሙ የኔ ነው፤ እኔው አነሣዋለሁ።»

እግሮቹን ከፈት አደረገ። ተረከዙን መሬት ውስጥ ተከለ። ጉልበቱን አጠፈና ሁለት እጁን ከሥር አስገባ። ትንፋሹን ያዘ። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ያችን ጭድና ወረቀት ቀስ፣ ቀስ አድርጎ፣ እያቃሰተ፣ ከልጁ ማጅራት ወደ ጭኑ፣ ከጭኑ ወደ ደረቱ አወጣትና ቀና አለ። ክንዱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምሬሃለሁ» አለ።

እልልታው ሜዳውን ናጠው። ሽማግሌዎቹ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ገዢው ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ደግሞ የመድረኩን እንጨት ተደግፌ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ከእፎይታም ነው፤ ከኀፍረትም ነው። ሦስት ዓመት የተማርኩትን ያ ገበሬ፣ አንድም መምህር ሳያስተምረው፣ ልምምድ ሳያደርግ፣ የሰው ነፍስ በእጁ ይዞ ሠራው።

«በል እንግዲህ አስቀምጠው» አሉት አለቃው።

«አላስቀምጥም፣ አባቴ። ወንድሜ መቃብር ላይ ነው የማኖረው።»

በቅሎ እንስጥህ ቢሉት፣ ተረዳድተን እንሸከምልህ ቢሉት፣ እምቢ አለ። ትከሻው ላይ አወጣውና በእኔ በኩል አለፈ። ሲደርስ ቆም አለ። ላቡ የውነት ላብ ነበር።

«ልጄ» አለኝ በዝግታ፣ ከእኔ ሌላ ማንም ሳይሰማው፤ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ስትሠራ ከበድ አድርገው።»

እግሩ ላይ መውደቅ ፈልጌ ነበር፤ ግን ሰው ለምን እንደወደቅሁ ይጠይቃል። እንደቆምኩ ቀረሁ።

አንዳርጌን በኋላ ዴስኮቹን ስናነሣ፣ ምን አስበህ በዚያ ነገር ሄድህ ብዬ ጠየቅሁት። «በእጄ የነበረው እሱ ብቻ ነበር፣ ጋሼ» አለኝ። ለዩኒቨርሲቲው በላክሁት ሪፖርት «ቲያትሩ ሳይፈጸም ተቋረጠ» ብዬ ጻፍኩ፤ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡኝ። ፈንታ ዕድሜ ጠግቦ እስኪያርፍ ድረስ ከእኛ አንዱም ቃል አልተነፈሰም።

ያን ቀን ሕዝቡ ሲበተን እኔ ወደ ስማዳ መንገድ ወጣ ብዬ ቆሜ አየሁት። ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዙን ተሻገረ፤ ማዶ ዳገቱን ያዘ። ጓደኛው ሁለቱን ጠመንጃ አንግቶ ከኋላ ይከተለዋል። ፈንታ ጥቂት ሄዶ ድንጋዩን በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ያወርዳል፤ ወገቡን ይዞ ያርፋል። ጓደኛው ሊቀበለው እጁን ይዘረጋል። ፈንታ በክንዱ ይከለክለዋል፤ ጎንበስ ይላል፤ እያቃሰተ እንደገና ይሸከማል። ወገዳ የሁለት ቀን መንገድ ነው።