የዘኪዬ ከፋይ ቀሚስ

ዚህኒ ፎቅ ላይ ነበር፣ እኔ ምድር ቤት። እሱ ልብስና ምንጣፍ ይጠብቃል፣ እኔ የመቃብር ድንጋይ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነን አንድ ሙዚየም ጠበቅን። ጎብኚ በሌለ ቀን፣ ብዙውን ቀን ደግሞ ጎብኚ የለም፣ ደረጃው አፍ ላይ ይቆምና "ሪፍኪ፣ ሙታንህ እንዴት አደሩ?" ይለኛል። "ደህና ናቸው፤ ያንተ ሙሽሮችስ?" እለዋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ወደየወንበራችን እንመለሳለን። ቀልዱ ካረጀ ቆይቷል፤ ግን አዲስ ለመፈለግ ጉልበቱ አልነበረንም።

በመጨረሻው ዓመት መጋቢት ላይ ሙዚየሙ ለሁለት ይከፈላል ተባለ። ድንጋዩ፣ ሸክላውና ሳንቲሙ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ማዶ ወደተሠራው አዲስ ሕንፃ ይሄዳል። ልብሱና የቤት ዕቃው እዚሁ አሮጌው መድረሳ ውስጥ ይቀራል። የሚቀረውም ቢሆን ከየመስታወት ሣጥኑ ወጥቶ፣ ተቆጥሮና ተጠርጎ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ጠባቂ አይል፣ ጸሐፊ አይል፣ ሁላችንም ጓንት አጥልቀን በወረቀት ስንጠቀልል መዋል ሆነ ሥራችን። ማታ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ለመፍታት ጎንበስ ማለት ያቅተኝ ነበር። ዚህኒ ደግሞ ጡረታው አምስት ወር ቀርቶት፣ ስትወጣ ምን ትሠራለህ ሲሉት "እተኛለሁ" ነበር መልሱ።

ታላቅ እህቱ እትዬ ሙዜየን የመጣችው በዚያ ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

"ሪፍኪ፣ ያ ጅል ወንድሜ አለ?"

"ፎቅ ነው እትዬ። ቲኬት አትቁረጪ፣ ዝም ብለሽ ግቢ።"

"እቆርጣለሁ! የእናቷን ቀሚስ በነፃ አየች እንዳትሉኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቅ ላይ ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ፣ አንዲት የፕላስቲክ ሴት በወርቅ ክር የተጠለፈ ወይን ጠጅ ከፋይ ለብሳ ቆማለች። ያ ቀሚስ የእናታቸው የዘኪዬ የሠርግ ቀሚስ ነበር። ዘኪዬ የሞተችው ሙዜየን አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ነው፤ ስትሞትም "ቀሚሱ የልጄ ነው" ብላ ነበር። ሆኖም ሙዜየን ልታገባ አንድ ዓመት ሲቀራት፣ አባታቸው መዳብ ቀጥቃጩ ካዚም ቀሚሱን ከሁለት ትሪና ከአንድ ማንቆርቆሪያ ጋር ለሙዚየሙ ሰጠው። እሷ እጅጌው ያጠራትን የጎረቤት ቀሚስ ተውሳ አገባች። ከዚያ ወዲህ አርባ ሁለት ዓመት በየኢዱ ቲኬቷን ቆርጣ ትመጣለች፤ መስታወቱ ፊት ትቆማለች፤ ትሄዳለች።

የዚያን ቀን ግን ኢድ አልነበረም። በየሦስት ደረጃው እያረፈች ወጣች። እኔም አንድ ጥቅል ወረቀት ይዤ ወደዚያው እየወጣሁ ስለነበር ሰማኋቸው።

"ሣጥኖቹ ሊከፈቱ ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"ከተማው በሙሉ። ስማኝ ዚህኒ። የልጄ ልጅ ጀይዳ በሦስት ሳምንት ለሠርጓ ሂና ትቀባለች። ቀሚሱን የምፈልገው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ቀትር ላይ እወስደዋለሁ፣ ሲመሽ እመልሰዋለሁ።"

"እትዬ፣ የመንግሥት ንብረት ነው።"

"የማን?"

"የመንግሥት።"

"መንግሥት መቼ ነው ያገባው?"

ሳቄ አመለጠኝ። ዚህኒ ገላመጠኝ።

"ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። ሦስት ሰው ሳይፈርም አይከፈትም። በዚህ ዕድሜዬ ልታሰር ነው እንዴ የምትፈልጊው? ጡረታዬ አምስት ወር ነው የቀረው።"

"አንተማ ተወልደህ እስክታረጅ አምስት ወር እንደቀረው ሰው ነው የኖርከው!"

እሷም ረቡዕ ተመልሳ መጣች፤ ሐሙስም፣ ዓርብም። አትጣላውም። ቲኬቷን እጇ ላይ እንደያዘች ሣጥኑ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ዚህኒ ሌሎቹን ሣጥኖች እየዞረ ያያል፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ መንገድ ይቀይራል።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ፣ በሳንቃ የታሸጉ የመቃብር ድንጋዮች መሃል ተቀምጠን ነበር። የዚህኒ ፋሶልያ ሳይነካ ፊቱ ቀዘቀዘ።

"አባቴ ቀሚሱን ለምን እንደሰጠ ታውቃለህ?" አለኝ።

"ለስም ነው ሲሉ ነው የሰማሁት።"

"ለኔ ነው።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

"ፕላስቲክና አሉሚኒየም ገበያውን ሞልቶት፣ መዳብ የሚገዛ ጠፍቶ ነበር። የዚያን ጊዜው የሙዚየም ሹም ሱቃችን መጣ። ትሪዎቹን አየ። አባቴ ቤት ሄዶ ቀሚሱን አምጥቶ አሳየው። ሰውየውም 'ልጅህ ከውትድርና ሲመለስ ወደ እኔ ላከው' አለ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ወናፍ እየነፋሁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከውትድርና በተመለስኩ በሳምንቱ ይሄን የጠባቂ ኮት ለበስኩ።"

"እሷ ታውቃለች?"

"አባቴ አትንገራት ብሎኝ ነው የሞተው።"

"እንግዲያው ተወው ዚህኒ። አርባ ዓመት የተኛ ነገር ነው። ምን ይቀሰቅስሃል?"

ይሄን ያልኩት አስተዋይ ሆኜ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። በዚያ ላይ ከሰዓት ሃያ ሰባት ማሰሮ እንድጠቀልል ይጠብቀኝ ነበር።

እሱ ግን በዚያው ከሰዓት ነገራት። ከታች ሆኜ ጩኸት ጠበቅሁ፤ ጩኸት የለም። ብዙ ቆይታ የደረጃውን ድጋፍ ይዛ ወረደች፤ እኔ ጋ ስትደርስ ባዶው የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ላይ እጇን አሳረፈች።

"አራት ልጅ በኔ ቀሚስ አሳደገ" አለችኝ። "አራት! እኔ ደግሞ በየኢዱ ጉንጫቸውን እየሳምኩ ከረሜላ አድላለሁ።"

ወጥታ ሄደች። አሥራ አንድ ቀን አልመጣችም። ስልክ ሲደውልላት አታነሳም፤ ቤቷ ሲሄድ ጀይዳ በሩን ገርበብ አድርጋ "ተኝታለች" ትለዋለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዚህኒ ማመልከቻ ጻፈ። ቀሚሱን ለአንድ ቀን እንዲያውሱት፣ አንድ ነገር ቢሆን ጡረታውን እንዲይዙበት። የልብስ ክፍሉ ባለሙያ ወይዘሮ በልጊን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ሳትወጣ የሠራች ሴት፣ ቆማ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችና ወረቀቱን አጣጥፋ መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ጋሽ ዚህኒ፣ ይሄን አላየሁትም። አይቻልም፣ እርስዎም ያውቁታል። ግን አንድ ነገር ይዩ።" መዝገቡን ገለጠችለት። "ከመዳብ ቀጥቃጭ ካዚም የተገኘ። የሴት ቀሚስ። አንድ" ይላል፣ ሌላ ነገር የለበትም። "የማን እንደነበረ፣ ማን እንደጠለፈው አልተጻፈም። ሐሙስ ሣጥኑ ሲከፈት የቤተሰብ ምስክር እፈልጋለሁ። እህትዎን ይጥሩልኝ።"

እሱ ስለፈራ እኔ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ስለ ቀሚሱ ምስክርነት ትፈለጊያለሽ።"

"ማን ነው የሚፈልገኝ?"

"መንግሥት።"

"ካርባ ሁለት ዓመት በኋላ!" አለች። "ይሁን፣ ይጠይቀኝ። እመጣለሁ።"

ሐሙስ የለቅሶና የክብር ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ፣ ጀይዳን አስከትላ መጣች። ዚህኒን ሰላም አላለችውም። ፈራሚዎቹ ሦስት ሰዎች ፈረሙ፣ ማኅተሙ ተቆረጠ፣ መስታወቱ ተከፈተ። ወይዘሮ በልጊን ቀሚሱን ከፕላስቲኳ ሴት ላይ ቀስ አድርጋ ስታነሳ፣ ግራ ትከሻው ላይ ከፋዩ ድምፅ ሳያሰማ ተተረተረ። ማንም አልጎተተውም። የወርቁ ጥልፍ ክብደት ብቻ ነው የቀደደው።

"ብርሃን በልቶታል" አለች ወይዘሮ በልጊን፣ እንደቆመች። "ከእንግዲህ አይሰቀልም። ጨለማ ውስጥ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው።"

ጠረጴዛው ላይ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አጋደሙት። ለእትዬ ሙዜየን ጓንት ተሰጣት፤ ጠበባት፣ እስከ ጣቶቿ አጋማሽ ብቻ ገባላት። በዚያ በተወሸቀ እጇ ቀሚሱን ከብብት እስከ ብብት ሰነዘረችው። ሁለት ስንዝር አልሞላም። ደግማ ሰነዘረችው።

"ዚህኒ፣ እማዬ እንዲህ ትንሽዬ ነበረች?"

"አላስታውስም እትዬ። አሥር ዓመቴ ነበር።"

"ለኔ ትልቅ ትመስለኝ ነበር።" ራሷን ነቀነቀች። "ያኔም ቢሆን አይገባኝም ነበር። የአባቴ ትከሻ ነው ያለኝ። ክንዴ እንኳ አያልፍበትም።"

ጀይዳ ማስቲካዋን ማኘክ አቁማ ጠጋ አለቻት። "አያቴ፣ እኔ እኮ ቀዩን ቀሚስ ተከራይቻለሁ። ነግሬሽ ነበር።"

"ነግረሽኛል።"

"ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው ከዚያ ወዲያ ዝም ያልኩት።"

ወይዘሮ በልጊን ብዕሯን አነሳች። "የቀሚሱ ባለቤት ስም ማን ነበር?"

"ዘኪዬ። የመዳብ ቀጥቃጩ የካዚም ሚስት። ራሷ ናት የጠለፈችው፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በረዶው ከቤት አላስወጣ ባለ ክረምት። ግራ እጅጌው ላይ አንድ ቅጠል ተገልብጦባታል። እሱንም ጻፊው።" ወይዘሮ በልጊን እጅጌውን አየችና ጻፈች። "በሠላሳ ዓመቷ ሞተች። ለልጄ መሞሸሪያ ይሁን ብላ ነበር፤ መዝገቡ ቦታ ካለው እሱም ይጻፍ።"

"ቦታ አለው" አለቻት፤ ይኑረው አይኑረው ግን አላውቅም።

ዚህኒ ወደ እህቱ ቀረበ። "እትዬ፣ እኔ..."

"ዝም በል። አሁን አይደለም፣ ደክሞኛል።" አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጓንቱን ለማውለቅ ታገለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ከጣቶቿ ላይ መዘዘላት፤ አልከለከለችውም። ልትሄድ ስትነሳ ብቻ፣ ፊቱን ሳታየው፣ "ቅዳሜ ለሂናው ና" አለችው። "ሴቶቹ መሃል እንዳትገተር፤ ኩሽና ቁጭ ትላለህ።"

ሄደ። ከቀትር እስኪመሽ የሻይ ብርጭቆ ሲያጥብ እንደዋለ፣ እጠብ ያለውም ሰው እንዳልነበር በማግስቱ ነገረኝ።

ሰኔ ላይ እኔ ከድንጋዮቼ ጋር ወደ አዲሱ ሕንፃ ተዛወርኩ። ዚህኒ ነሐሴ ላይ ጡረታ ወጣ። እተኛለሁ ያለው አልሆነለትም፤ በየጠዋቱ እህቱ ቤት ይሄዳል አሉ። በመስከረም አንድ ሰኞ፣ የእረፍት ቀናችን ነው፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሰገነቱ ላይ ናቸው። እትዬ ሙዜየን ለክረምት የሚደርቀውን ደበርጃን ሆዱን እየቦረቦረች ታቀብለዋለች፤ እሱ በክር ይሰካል። ገና ሳልቀመጥ ለኔም መርፌ ሰጡኝ። እስከ አስር ሰዓት ሰካሁ፤ ወገቤ ተንገበገበ።

ሊሸኘኝ ደረጃውን ሲወርድ "ይቅርታ ጠየቅካት?" አልኩት።

"ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። ሦስቱንም ጊዜ 'ክሩን አጥብቀው' አለችኝ።"

"እና ምን አደረግክ?"

"አጠበቅሁት።"

በሩ ጋ ተለያየን። እሱ ገና አንድ ቅርጫት ደበርጃን ይጠብቀዋል፤ እኔን ደግሞ በማግስቱ ሥራ፤ ለጡረታዬም ሁለት ዓመት ይቀረኛል።