የመርዙቅ ሰቢል

የራሺድ ከተማ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ዐባይ ወደ ባሕር ሊገባ ሲል ጥድፊያውን ይተዋል፤ ጀልባዎቹም፣ ድመቶቹም፣ በየበሩ ጥላ የተቀመጡት ሰዎችም አብረውት ያንቀላፋሉ። ሐጃ ኢንሺራሕ በመስኮታቸው ብቅ ብለው ሲጠሩኝ እኔም ግማሽ ተኝቼ ነበር።

«ወጊህ፣ ልጄ፣ እስቲ ወደ ላይ ውጣ። ዋርሳዬ ሽቦውን ሊቆርጠው ነው።»

ጎረቤታቸው ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩትም የኔትወርክ ሥራ ነው። በራቸው ላይ ሁለት ሰቢል አለ፤ ሰቢል ለአላህ ተብሎ ለአላፊ አግዳሚ በነፃ የሚቀርብ ውሃ ነው። አንደኛው ባለቤታቸው ሐጅ መርዙቅ በሕይወት ሳሉ ለመንገደኛ ያቆሙት የውሃ ጋን ነው፤ የእንጨት ክዳን አለው፣ ጣሳው በሰንሰለት ታስሯል። ሁለተኛው አይታይም። ሐጅ ሲሞቱ ሐጃ ለነፍሳቸው ብለው የቤታቸውን ዋይፋይ ለመንደሩ ከፈቱት፣ ያለ ምንም ቁልፍ። ስልኩን የከፈተ ሁሉ «ሰቢል ለመርዙቅ ነፍስ» የሚል ስም ያገኛል። ጀልባ ጠጋኙ፣ ተማሪዋ፣ ሰላጣ ሻጩ ግድግዳውን ተደግፈው ከዚያ ከማይታየው ጋን ሲቀዱ ይውላሉ።

ስወጣ የሐጅ ታናሽ ወንድም ኡስታዝ ሸሓታ መቀስ ይዘው ራውተሩ አጠገብ ቆመዋል። ጠዋት ፖሊስ መጥቶ ነበር። አንድ ያልታወቀ ሰው በዚህ መስመር እየገባ፣ በሌላ ሰው ስም እየጻፈ ሰዎችን ሲያታልል ቆይቷል። መስመሩ የተመዘገበው በሐጃ ስም ነው። ፖሊሱ ጨዋ ነበር፤ ሻይ ጠጣ፣ ለሐጅ ነፍስ ይማር አለ፣ ነገሩ ከተደገመ ግን ጣቢያ የሚጠሩት ሐጃ መሆናቸውን ነግሯቸው ሄደ።

«ቤትን በርግዶ መተው፣ ከዚያ ሌባ ገባ ብሎ ማልቀስ» አሉ ኡስታዝ።

«ማን አለቀሰ? ደግሞ መቀሱን አስቀምጥ፤ የጥፍሬ መቀስ ነው።» ከዚያ ሐጃ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቱን ንገረኝ። መዘጋት አለበት?»

«እንዲህ ክፍት ሆኖ መቆየት አይችልም፣ ሐጃ።»

ሶፋው ላይ ተቀመጡ። መጋረጃው በወንዙ ነፋስ ይነፋና መልሶ ይሟሽሻል።

«መርዙቅን በሕልሜ አየሁት» አሉ። «ጀልባው ላይ ቆሟል፣ ከሥሩ ግን ውሃ የለም። ምንም አይናገርም። ጣሳውን ብቻ ያሳየኛል፣ ባዶውን። አሁን ከዘጋሁበት ማን ያጠጣዋል?»

ኡስታዝ መቀሱን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ለእኔ ሁለቱም እውነት ነበራቸው።

ራውተሩን ገልብጬ አየሁት። የመቆጣጠሪያው የይለፍ ቃል ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፤ ማንም መንገደኛ ገብቶ ሐጃን ከገዛ ቤታቸው ሊያስወጣ ይችል ነበር። መጀመሪያ እሱን ቀየርኩ። ያረጀውን ሶፍትዌር አደስኩ፣ የቤቱንም መስመር ረጅም ቃል ሰጥቼ ቆለፍኩት። እዚህ ላይ እያለሁ ከታች ሰንሰለቱ ሲንቃጨል ሰማሁ። አንድ ሰው ውሃ እየጠጣ ነበር።

«ሐጃ፣ ሐጅ መርዙቅ መንገደኛውን ወደ ጓዳ ያስገቡ ነበር?»

«ምን ሊሠራ? ውሃው በር ላይ እያለ።»

«ማታስ?»

«ማታማ ጋኑን አስገብቶ ያጥበው ነበር።»

«ይሄም እንደዚያ ይሆናል። ለእንግዳ የተለየ መስመር እከፍታለሁ። ቤት ውስጥ ያለውን አያይም፤ እርስዎ ሲተኙ እሱም ይተኛል። ግን የራሱ ፓስዎርድ ይኖረዋል፣ ማን እንደሚቀዳ እንዲያውቁ።»

«ለአንዱ ከነገረችው እስክንድርያ ድረስ ይሰማል» አሉ ኡስታዝ።

ሐጃ መስኮቱን አዩ። ከመንገድ ዳቦ ወደ ላይ የሚስቡበት ቅርጫት በገመዱ ተንጠልጥሎ በነፋሱ ይወዛወዛል።

«አልነግራቸውም» አሉ በመጨረሻ። «ስልካቸውን እዚያ ውስጥ ያስቀምጡ። እኔ እስባለሁ፣ እኔው እጽፋለሁ፣ መልሼ አወርዳለሁ። እስከዚያ ታች ቆመው ለነፍሱ ፋቲሓ ይቅሩለት።»

«ስልኩን ለቅርጫት የሚሰጥ ሰው ይገኛል ብለሽ ነው?»

«ያልሰጠ ከጋኑ ይጠጣ።»

አዲስ ጨረቃ በወጣች ቁጥር የይለፍ ቃሉን እንድንቀይር ተስማማን፤ ስልክም ምስጢር ያወጣልና።

በማግስቱ ከጋኑ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ቅርጫቱ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። ስልኮቹ በቀስታ፣ ትንሽ እየተሽከረከሩ፣ ወደ ሰማይ የሚሄዱ መስለው ይወጣሉ። ባለቤቶቻቸው አንገታቸውን አቅንተው ፋቲሓውን፣ የቁርኣኑን መክፈቻ፣ እየቀሩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«አትቸኩል» ይላሉ ሐጃ ከላይ። «እሱ ችኩል ሰው አይወድም ነበር።»

ድሮ ሰው ሁሉ ቀድቶ ዝም ብሎ ይሄድ ነበር፤ ስሙን እንኳ የሚያነብ አልነበረም። አሁን ሹክሹክታው አልቋረጥ አለ። ዓይኔ ሲከደን ወደ ጋን የሚንቆረቆር ውሃ መሰለኝ፤ ያ የሕልሙ ጀልባ ከሥሩ ውሃ ሲሞላ፣ ቀስ ብሎ ብድግ ሲል የታየኝም ያኔ ነው።

ስነቃ ጥላው ረዝሟል። ኡስታዝ ሸሓታ ስልካቸውን ቅርጫቱ ውስጥ እያስቀመጡ ነበር።

«ለወንድሙም ይሄ ሁሉ ወግ አለ?»

«አንተማ ፋቲሓውን ሁለት ጊዜ ትቀራለህ። መቀስ ይዘህ ነበር።»

ገመዱ ተሳበ። ኡስታዝ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። የወንዙ ብርሃን በመንገዱ ጫፍ ገብቶ መዳፋቸው ላይ ዐረፈ፤ መዳፎቹ እንደ ጣሳ ጎድጎድ ብለው፣ እስከ አፍ የሞሉ መሰሉኝ።