ጀማ ሲሞላ

ትሕትና የሥነ ምድር ተማሪ ነበረች። ከአዲስ አበባ መርሐቤቴ ድረስ የመጣችው ድንጋይ ልታጥብ ነው። ከጀማ ወንዝ ገደል የምትቆፍረውን ጭቃማ ድንጋይ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ታሟሟዋለች፤ በወንፊት ታጥበውና የቀረውን አሸዋ ፀሐይ ላይ አድርቃ በማጉያ መነጽር ትለቅመዋለች። የምትፈልገው ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ የጥንት እንስሳ ጥርስ ነበር።

መንገድ የሚመሯት ጋሽ ዳኜ የሚባሉ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። በ1991 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ሁለቱ ገደሉ ሥር ሳሉ፣ ደጋው ላይ የበልግ ዝናብ ጥሎ ጀማ ድንገት ሞላ።

«ተይው! እንውጣ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ዳኜ።

እሷ ግን በቆፈረችው ድንጋይ የተሞሉትን ጆንያዎች እየጎተተች ወደ አንድ ዋሻ ማስገባት ያዘች። ጥለዋት መሄድ አልሆነላቸውም፤ አገዟት። ሲጨርሱ የመጡበት መንገድ ውኃ ውጦት ነበር። ከፊት ጎርፍ፣ ከኋላ ገደል።

ዝናቡ አላባራም። ቆሏቸው አለቀ። በማግስቱ ትሕትና የምትሠራው ብታጣ ቀደም ብላ አድርቃ የያዘችውን አሸዋ ሳህን ላይ በትና በረጠበ ብሩሽ መልቀም ጀመረች። ድንገት መነጽሯን አንስታ አጎነበሰች።

«ጋሽ ዳኜ፣ ይዩት! ጥርስ ነው!»

ጎንበስ ብለው በመነጽሩ አዩ። «ይቺ ናት? ለዚች ነው እንግዲህ እዚህ የምንሞተው?»

ትሕትና ያገኘችውን ጥርስ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከትታ ደረት ኪሷ ውስጥ ሸጎጠች።

ከሰዓት በኋላ ውኃው የዋሻውን አፍ ይልስ ጀመር። ከላይ አንድ የወይራ ግንድ ከገደሉ ወጥቷል፤ እሱ ጋ ከተደረሰ መውጫ አለ። ነገር ግን መጫኛ ገመዳቸው ግንዱን ዞሮ ለመመለስ አጠረ። ጋሽ ዳኜ ጆንያዎቹን አዩ።

ትሕትና ቢላዋ አንስታ የጆንያዎቹን አፍ ማሰሪያ ቆረጠች። በጋውን ሙሉ የቆፈረችውን ድንጋይ እያለቀሰች ጎርፉ ውስጥ ደፋችው። ጆንያውን ተርትረው ገመዱት፣ ከመጫኛው ጋር ቀጠሉት፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ወደ ግንዱ ወረወሩት። ግንዱን ዞሮ ተመለሰ። ጋሽ ዳኜ ቀድመው ወጡ፤ እሷ ገመዱን በብብቷ ሥር ስታስር ጎተቷት። መሐል ላይ ቋጠሮው ሸርተት ሲል ዓይኗን ጨፈነች። ግን ያዘ።

አዲስ አበባ ስትመለስ መምህሯ ያገኘችውን ጥርስ አይቶ ተደነቀ፤ አንዷ ብቻ ግን ለጥናት አትበቃም አላት። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ተመልሳ የጋሽ ዳኜን በር አንኳኳች።

በሩን ከፍተው አዩዋትና፣ «እሺ፣ እንወርዳለን» አሉ። «ደመና ካየሁ ግን የምጎትተው ጆንያሽን ሳይሆን አንቺን ነው።»