ሦስት መዝሙር የሚቆላ ገብስ

ባለቤቴ ዘነበች ቀሪቦ ስትጠምቅ ሰዓት አይታ አታውቅም። ገብሱን የምትቆላው በመዝሙር ነበር። ሦስት መዝሙር ስትጨርስ ገብሱ ጠቁሮ ምጣዱ ይወርዳል። እኔ ጓሮ ሆኜ እንጨት እየላግሁ እሰማታለሁ።

ካረፈች ዓመት ከስድስት ወር ሆኗታል። እሑድ ከቸርች መልስ ልጃችንን ሰብለን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ቀጠሮ ተያዘ። እነሱ ፊት የሚቀርበው ቀሪቦ የዘነበችን ካልመሰለ፣ ልጄ እናት አልባ መሆኗ ከመጀመሪያው ብርጭቆ የሚታወቅባት መሰለኝ። ሰብለ "ለስላሳ እንግዛ" ብትለኝ ተቆጣሁ። "እኔ እጠምቃለሁ!" አልኩ። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ቀሪቦ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ማደር አለበት። እኔ ደግሞ ያን ቅዳሜ ለደንበኛ የማስረክበው በር ነበረኝ። ስለዚህ ጊዜ ለመቆጠብ ዘዴ ዘየድኩ። ሦስቱን መዝሙሮች ስልኬ ላይ ከፈትኩና፣ ገብሱን ለማማሰል መለስ ቀለስ እያልኩ የበሩን እጀታ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ። እውነቱን ለመናገር ነገሩ የጊዜ ብቻ አልነበረም። ከቀብሯ ወዲህ ዘምሬ አላውቅም፤ የገዛ ድምፄን ፈርቼዋለሁ።

የከሰዓቱ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ መሬቱ ላይ ተኝታለች። ከጅማው አስፋልት የሚመጣው የባጃጅ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ገብሱ ምጣዱ ላይ ይንሾካሾካል። ዓይኔ ክድን ክድን ሲል ዘነበች በሩን ተደግፋ የቆመች፣ አንድ ነገር ልትለኝ ያለች መሰለኝ። ሦስተኛው መዝሙር ሲያልቅ ብንን ብዬ ምጣዱን አወረድኩ።

ሰብለ መጣችና እፍኝ አንስታ ቆረጠመች።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ ቆሎ ነው!"

"ሦስት መዝሙር ሙሉ ቆልቼዋለሁ!"

"የኳየሩን ነው የከፈትከው፣ እነሱ ይሮጣሉ። እማዬ እኮ በየስንኙ መሃል ታወራህ ነበር።"

እውነቷን ነው። ዘነበች አንድ ስንኝ ትዘምርና "ገብሬ፣ ሻይ ጠጣህ?" ትለኛለች። ሌላ ስንኝ ትዘምርና "ገብሬ፣ ወገብህን አሞሃል እንዴ?" እኔ ከመላጊያዬ ቀና ሳልል "እም" እላታለሁ። ሃያ አራት ዓመት "እም" አልኳት። ገብሱን የሚያጠቁረው ለካ ያ ሁሉ ወሬዋ ነበር።

ገብሱን ወደ እሳቱ መለስነው። ሰብለ ስልኩን አጠፋችና ማማሰያውን ያዘች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የመጀመሪያው ስንኝ ተሰባብሮ ወጣ።

"ዘነቡ" አልኩ ወደ ምጣዱ፣ "ነገ ሰብሌን ሊጠይቁን ይመጣሉ።"

ሌላ ስንኝ ዘመርኩ። "ልጁ ጉብሬ ከተማ አስተማሪ ነው። ጨዋ ነው፣ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።"

ሌላ ስንኝ። "በሩን ዛሬ አላስረክብም። ደንበኛው ይቆጣ።"

ሌላም፣ ሌላም። ጭሱ ቀስ እያለ ቤቱን ሞላው፣ ፀሐይዋም ከመሬቱ ተነስታ ግድግዳው ላይ ወጣች። ሰብለ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ታማስላለች።

"አባዬ፣ በቃ፣ ጠቁሯል" አለችና ምጣዱን አወረደች።

እኔ ገና ሁለተኛው መዝሙር ላይ ነበርኩ።

"አንቺ ውሃውን ጣጂ" አልኳት፤ "እኔ ከእናትሽ ጋር አልጨረስኩም።"