ከሐሙስ ጀምሮ ሚስት

«አማቼ፣ አንተ እንዲህ ከሆንክ እኛ ምን እንሁን?» አለ የሟቿ ወንድም ገብረወልድ፣ ኃይለሚካኤልን በትከሻው ደግፎ ወደ ፍራሹ እየመለሰው።

በድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ይህ ተራ ማጽናኛ ነበር። ዘርፌ ግን ከንግግሩ መካከል የመጀመሪያዋን ቃል ነጥላ ያዘች። ባሏ ኃይለሚካኤል ሟቿን ተዋበችን ሁልጊዜ «የአክስቴ ልጅ» ነበር የሚላት። እሷ የአክስቱ ልጅ ከሆነች ወንድሟም የአክስቱ ልጅ ነው፤ በምን ሒሳብ አማቹ ይሆናል? ዘርፌ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ የምታስተምር ሴት ናት፤ ያልገጠመ ነገር ካየች እስኪገጥምላት ድረስ ዕረፍት የላትም። ስለዚህ አንገቷን እንደ ደፋች ዓይኖቿን ብቻ አነሣች።

ለቀስተኛ በገባ ቁጥር መጀመሪያ ጎንበስ የሚለው ለኃይለሚካኤል ነበር፤ ወንድምየው የሚቀጥለው ከእሱ በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቱ ቆሙና «እንግዲህ ብቻህን ቀረህ፤ ምን ይደረጋል፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉት። ብቻውን ቀረ የተባለው ሰው ሚስት፣ ከአጠገቡ ተቀምጣ፣ ያልቀመሰችውን ንፍሮ በእፍኟ ይዛለች። ኃይለሚካኤል ወደ እሷ አላየም፤ ሽማግሌውንም አላረማቸውም። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በድንኳኑ አናት ላይ ሲያልፍ፣ እንደ ቡልቡላ ሰፈር ሰው ልማድ፣ ወሬው ሁሉ ተቋርጦ ድምፁ እስኪርቅ ተጠበቀ። ዘርፌ በዚያ ፋታ የባሏን ፊት አጠናች። ለአክስት ልጅ የሚታዘን ሐዘን አልነበረም።

ተዋበችን በሕይወት ሳለች በቅርብ ያየቻት አንድ ቀን ብቻ ነው። በ1985 ማዘጋጃ ቤት ተፈራርመው ሲኤምሲ ቤት ከያዙ በኋላ፣ ዘርፌ ልጇን አርግዛ በነበረበት ወቅት፣ ኃይለሚካኤል የመኪና መለዋወጫ ሊያመጣ ድሬዳዋ ሄዶ ሳለ፣ ተዋበች ሳትጠራ መጣች። ቀጭን፣ ጣቶቿ በመርፌ የተወጋጉ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትኖር ሴት ነበረች። ሶፋው ጠርዝ ላይ እንደ ባለጉዳይ ተቀመጠች፤ የቀረበላት ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ፊርማው የት ነበር? ከኃይለሚካኤል ወገን ምስክር የሆነው ማን ነው? ዘርፌ ለሁሉም ባጭሩ መለሰች፤ በልቧም ይህች ሴት ምን ፈልጋ ነው ትል ጀመር። ተዋበች ልትሄድ በሩ ላይ ደርሳ መለስ አለች።

«ከዘመዶችሽ ሕግ የሚያውቅ ሰው አለ?»

«የአባቴ ጓደኛ ጠበቃ ናቸው። ምነው?»

«አንድ ቀን ሄደሽ አነጋግሪያቸው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጋብቻሽ» አለችና ዓይኗ የዘርፌ ሆድ ላይ ዐረፈ። ሊከተል የነበረውን ቃል ዋጠችው፤ «ደኅና ሁኚ» ብላ ደረጃውን ወረደች።

ኃይለሚካኤል ከመንገድ ሲመለስ ዘርፌ ነገረችው። ሳቀ። መውለድ ስላልሆነላት ቀንታ ነው አላት። ዘርፌም አመነችው፤ የባሏ ዘመድ ትዳሯን ልታፈርስ እንደመጣች ቆጠረችው። ልጅቷ ተወልዳ ተዋበች በእጇ የሰፋቻቸውን ትንንሽ ልብሶች ስትልክ፣ ዘርፌ ተቀብላ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው እንጂ ለልጇ አንድ ቀን አላለበሰቻትም። ከዚያች ሴት እጅ የመጣ ነገር ያሠጋት ነበር።

አሁን በዚያችው ሴት ግቢ ውስጥ ተነሥታ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ሄደች። ጎረቤትየዋ ሸሪፋ ከትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ እየቀዳች ነበር። ሸሪፋ ከወሎ የመጣች፣ ጥጉ ላይ ሱቅ ያላት፣ ለሐዘንም ለደስታም መጀመሪያ የምትደርስ ሴት ናት። ዘርፌ እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ማለቅለቅ ስትጀምር ሸሪፋ የሟቿ ወዳጅ ናት ብላ ወሬዋን ከፈተች። በዚያ ማለዳ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ በየመንደሩ እየዞረ የጠራው የተዋበችን ስም እንዳልነበር ነገረቻት።

«'የአቶ ኃይለሚካኤል ባለቤት ዐርፈዋል፣ ቀብር ውጡ' ነው ያለው። የትኛው ኃይለሚካኤል አልኩ። እሁድ እሁድ እየመጣ ጣሪያ የሚጠግነው፣ መድኃኒት አስቀምጦ ምሳ ሳይበላ የሚሄደው ሰውዬ ለካ ባሏ ነው። ዕድሩም እስከ ዛሬ በስሙ ነው።»

ዘርፌ ብርጭቆውን ደጋግማ አጠበችው። «አልተፋቱም እንዴ?»

«እሷን ስትጠይቂያት 'ሽማግሌዎቹ ገና አልተሰበሰቡም' ነበር የምትልሽ። እሱ ግን ሌላ አግብቶ ሲኤምሲ ይኖራል ይባላል። ሚስቲቱ አስተማሪ ነች አሉ፤ ምን ዓይነት አስተማሪ ነች ባሏ የት እንደሚውል የማታውቅ?» ብላ ቀና አለች። የዘርፌን ፊት አየች። ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና የታጠበውን ብርጭቆ ከእጇ ወሰደችላት። «አንቺ ነሽ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይቅር በይኝ እህቴ፤ ይቺ ምላሴ አንድ ቀን ታስገድለኛለች።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዘርፌ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ። ባለሚስት ሰው ማዘጋጃ ቤት ወስዶ አስፈርሟታል፤ እንግዲያው ያ ፊርማ ይሰረዝ። ፍቺ አልፈለገችም፤ ፍቺ ማለት ሚስቱ ነበርኩ ማለት ነው። ይህ ጋብቻ ገና ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ይነገርላት፤ ልጇን ይዛ፣ የውሸታም ሰው ሚስት ያልነበረች ሴት ሆና፣ ራሷን ቀና አድርጋ ትውጣ። ደግሞም የምትጠረጥረው ነገር ነበረ። ኃይለሚካኤል ያን ሁሉ መድኃኒት ሲያመላልስ የተዋበችን መዳን ነበር የሚጠብቀው ወይስ መሞቷን?

በሠልስቱ ዕለት የአባቷ ጓደኛ አቶ ገብረዋሕድ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። የኃይለሚካኤል የአክስት ልጅ ሞተች የተባሉትን አምነው የመጡ፣ በጥብቅና ያረጁ ሰው ናቸው። ዘርፌ እሳቸው ነፍስ ይማር ብለው እስኪነሡ ጠብቃ አሮጌ ቮልሳቸውን ወዳቆሙበት ባሕር ዛፍ ሥር ይዛቸው ሄደች።

«ጋሼ፣ ጋብቻዬን ማፍረስ እፈልጋለሁ።»

«ማፍረስ ነው መፋታት?»

«ልዩነት አለው?»

«አለው እንጂ። ፍቺ የጸናን ጋብቻ ማቋረጥ ነው፤ ሽማግሌዎች ተመርጠው ያዩታል። ማፍረስ ግን ጋብቻው ሲፈጸም ጉድለት ነበረበት ማለት ነው፤ አንዱ ተገዶ፣ ወይ ዕድሜው ሳይደርስ፣ ወይ ሌላ ጋብቻ እያለው። እሱን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ለመሆኑ ምን ተገኘ?»

የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረባቸው እየጠረጉ ሰሟት፤ ከጨረሰችም በኋላ መጥረጉን አልተዉም።

«በጋብቻ ላይ ጋብቻ ነው» አሉ። «ባለፈው ሳምንት ብትመጪ ኖሮ አንድ አቤቱታ ይበቃሽ ነበር። መቼ ነው ያረፈችው?»

«ሐሙስ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ ሕጋችን የመጀመሪያዋ ሚስት በሞተች ቀን ሁለተኛው ጋብቻ ይጸናል ይላል። ከዚያ ወዲያ ይፍረስልኝ የሚል አቤቱታ አይቀበሉም።»

ዘርፌ ነገሩን በሒሳብ አስተማሪነቷ ደጋግማ አሰላችው። «ታዲያ እኔ ከመቼ ጀምሮ ነው ሚስቱ?»

አቶ ገብረዋሕድ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ሳላስቀይምሽ... ከሐሙስ ጀምሮ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። በሁለት እጇ አፏን ብትይዝም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበርና፣ በአጠገባቸው የሚያልፉ ሴቶች እያለቀሰች መስሏቸው «አይዞሽ እናቴ» ብለዋት አለፉ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪያልቅላት ጠብቀው ልጅቷን ምንም እንደማይነካት፣ ፍቺውም መንገዱ ክፍት እንደሆነ አስረዷት። የኃይለሚካኤል ዘመዶች ሽማግሌ እንምረጥ ብለው ሲመጡባት እሺ ከማለቷ በፊት፣ ምንም ወረቀት ላይ ሳትፈርም፣ ቢሮአቸው እንድትመጣ አስጠነቀቋት።

«ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው» አሉ የመኪናቸውን በር እየከፈቱ። «መምጫው ግን መጠርጠር የጀመረ ዕለት ነበር።»

«እኔ የጠረጠርኩት እሷን ነበር» አለች ዘርፌ።

ኃይለሚካኤልን ብቻውን ያገኘችው ከሰዓት በኋላ ከጓሮ፣ የውሃው በርሜል አጠገብ ፊቱን ሲታጠብ ነው። መቼ እንደፈታት ጠየቀችው። እጆቹ ውሃ እንደያዙ ቀሩ።

እንደ ነገራት፣ እሱና ተዋበች ፍቺ ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹ ለአንድ ዓመት ተለያይታችሁ ቆዩ፣ ከዚያ እንወስናለን ብለዋቸው ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ መንግሥት ተለወጠ። አንደኛው ሽማግሌ ሞቱ፤ ሁለተኛው ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው ገቡ፤ ሦስተኛው ብቻዬን ምን እወስናለሁ አሉ። የሚሰበስባቸው ጠፋ። ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ ነገሩ ያለቀ መሰለው።

«መሰለህ ወይስ እንዲመስልህ ፈለግህ?»

«አላውቅም፣ ዘርፌ።»

«ያለቀ ከመሰለህ የቀድሞ ሚስቴ ነች ትለኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ ለምን አልከኝ?»

ውሃው ከጣቶቹ መካከል ፈስሶ አለቀ።

«ዕድሩስ? ባሏ ሆነህ ለምን ቆየህ?»

«ብወጣ ማን ይቀብራታል ብዬ ነው» አለ።

ከተናገረው ሁሉ ያመነችው ይህን ብቻ ነው፤ ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነበር። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር። ሕጉን አውቆ መሞቷን ጠብቆ እንደሆነ ግን ሳትጠይቀው ቀረች፤ የሚላትን ሁሉ እንደማታምነው ተረድታዋለች። ወደ ጠበቃው ቢሮ እንደምትሄድ፣ ከዚያም ፍቺ እንደምትጠይቅ በዚያው በርሜል አጠገብ ቆማ ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ከለቅሶ ቤቱ ትቀራለች ብለው የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። እሷ ግን ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ መጣች። ወሬው መንደሩን አዳርሶ ስለነበር አሁን ዓይን የሚጣልባት እሷ ሆነች። ቤቱን ልትወርስ ነው አሉ፤ የስፌት መኪናዋን ልትወስድ ነው አሉ፤ ገብረወልድም የእኅቱን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ዘርፌ ይህንን ስታይ አልተቀየመችውም። እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ትቆልፍ ነበር።

በሰባተኛው ቀን የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲነቅሉ ሸሪፋ ከአጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ስትፈራ ስትቸር የቆየችውን ነገር ነገረቻት። አንድ ቀን ተዋበች አቤት ልትል ወደ ዐቃቤ ሕግ ስትሄድ ሸሪፋ፣ ባሏ ማን እንደሆነ ገና ሳታውቅ፣ አብራት ሄዳ ነበር። ከሲኤምሲ በተመለሰች በሳምንቱ ይመስላታል። ተራቸው ደርሶ ሲጠሩ ተዋበች ከመቀመጫዋ ተነሥታ በሩ ድረስ ሄደችና ቆመች።

«ምነው ግቢ እንጂ አልኳት። 'ያቺ ልጅ እርጉዝ ናት' አለችኝና ተመለሰች። ቤቷ ስትደርስ ስስ ጨርቅ አለሽ ወይ ብላ ከሱቄ ገዛች፤ ለአራስ ልጅ የሚሆን።»

ዘርፌ ዓይኖቿን ከግቢው መሬት ላይ ተክላ ቀረች።

በዚህ መካከል ከአጥሩ ውጭ የአሮጊት ልቅሶ ተሰማ። ከሰላሌ የመጡ የተዋበች አክስት ነበሩ፤ መርዶው ዘግይቶ ደርሷቸው፣ በሰው ተደግፈው፣ «ተዋቡ ልጄ፣ ሳልደርስልሽ» እያሉ በሩ ላይ ቆመዋል። ዘግይቶ የመጣን ለቀስተኛ ከቤቱ ሰው አንዱ ወጥቶ አብሮ እያለቀሰ ይቀበለዋል፤ ብቻውን አልቅሶ አይገባም። የቤቱ ሰው ግን ዝሎ ነበር። ገብረወልድ እንቅልፍ ጥሎታል። ኃይለሚካኤል ሊነሣ ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ። የመንደሩ ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ፤ አሮጊቷም የሚቀበላቸው አጥተው በሩ ላይ እንደ ቆሙ ድምፃቸው መሰበር ጀመረ።

ዘርፌ ተነሣች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ የቅርብ ዘመድ እንደ ሞተባት ሴት ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃ ለበሰችና፣ «እኅቴን» እያለች ወደ በሩ ሄደች።