ቀይ ክር ያለው ኩባያ

«ኧረ ያንን ተዪው! ያንን አይደለም!» አሚኔ ከፍራሹ ላይ ግማሽ ተነሥታ ጮኸች።

የጎረቤቷ የዘይባ እጅ መደርደሪያው ላይ ቀረ። እሷስ ምን አጠፋች? ለቀስተኛው በዝቶ ኩባያ አልበቃ አለ፤ የቀረው እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ብቻ ነው። የሟቹ የሙሀይሚን።

«የወፍ በሽታ ይጋባል እኮ» አለች አሚኔ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጄን የበላው እሱ ነው።»

«አላህ ይርሐመው» ተባባሉ ሴቶቹ። ወፍ በላዩ አልፋበት ዓይኑ ቢጫ ሆነ ሲባል ማንም አልጠየቀም። ለቅሶ ቤት ማን ይከራከራል?

እህቱ ሳሌሃ ከማንቆርቆሪያው ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች። ወፏን ከሚያምኑት ውስጥ አልነበረችም።

ሙሀይሚን የአደንዛዥ ዕፅ መርፌ የለመደው አዲስ አበባ ሱቅ ሲሠራ ነው፤ ለምርቃና። ያኔ ሳሌሃ እየጎተተች ወስዳ አስመረመረችው። ነርሷ ውጤቱን አይታ፣ «የጉበት ቫይረስ ገብቶብህ ነበር፤ ሰውነትህ ራሱ ታግሎ አስወጥቶታል። ግን እንደ ኩፍኝ አይደለም፣ ተመልሶ ይይዝሃል» አለችው። እሱ የሰማው የፊተኛውን ብቻ ነው። «የኔ ደም ወንድ ነው!» እያለ ከጓደኛው ከሙከሚል ጋር በአንድ መርፌ መወጋቱን ቀጠለ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ደሙ አልቻለም። ቫይረሱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ጉበቱን ጨረሰው፤ ሆዱ ሲነፋ ቡታጅራ እናቱ ቤት ገባ። አሚኔ ኩባያውን ለየች፣ ክር አሰረችበት። ሳሌሃ እውነቱን ልትነግራት ስትነሣ፣ «ተያት በአላህ። መርፌውን ከምታውቅ ወፏ ትሻላለች» ይላት ነበር።

ሙከሚል ከወንዶቹ ድንኳን ወጥቶ አሚኔን ሊያጽናና ገባ። ወፍሯል፣ ደህና ይመስላል። ሙሀይሚንም ለዓመታት ደህና ይመስል ነበር።

ሲወጣ ሳሌሃ በሩ ላይ ያዘችው። «ተመረመርክ?»

«እኔ ደግሞ ምን ሆኜ?» አለ ወደ ሴቶቹ ሰረቅ አድርጎ እያየ። «ወፍ መች አለፈችብኝ!»

ሳሌሃን ደከማት። ዝም ማለቷ ከለቅሶው በላይ አደከማት። ተመልሳ ባለክሩን ኩባያ አወረደች፣ ሻይ ቀዳችበት፣ ሁሉም እያዩአት ጠጣች።

«ልጄ! ልትሞችብኝ ነው?»

«በኩባያ አይጋባም፣ እማ። ወፍም አይደለችም። በመርፌ ነው የያዘው፤ ሲወጋ ነበር።» ሙከሚልን ግን ቀና ብላ አላየችውም። «አንዴ የዳነ ሁለተኛ አይዘውም ብሎ ነው የተታለለው። አሁን የሚዋጥ መድኃኒት አለው፣ ያድናል። እሱ ዘገየ። አብረውት የተወጉ ካሉ ሳይረፍድ ይመርመሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ከሴቶቹ አንዷ ሻርፗን ወደ አፏ አስጠጋች። ሙከሚል ከበሩ ተመልሶ ሳሌሃን ጠጋ አላትና፣ «ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«እሄዳለሁ።»

አሚኔ ይህን አልሰማችም። ዓይኗ ኩባያው ላይ ነው።

«ታዲያ ለብቻው ያጠጣሁት በከንቱ ነው?» አለች። «ተጸየፈችኝ ብሎ ይሆን የሞተው?»

እጇን ዘረጋች፤ ኩባያውን ከሳሌሃ ተቀብላ የቀረውን ሻይ እስከ አተላው ጠጣችው።